የጓሮው ግማሽ ሜዳ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለደጊቱ፤

«የኦቦ ዋቆ ልጅ እኮ ዓለምን ዞራ ጨረሰች» አለች አንዷ ሴት፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚመጣው ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጣ። አብራት ያለችውም «ጨረሰች» ብላ አጸደቀችላት። ዓለም ካለቀ እንግዲህ ሌላ የምሄድበት የለም ማለት ነው፤ ስለዚህ ላንቺ ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ? ወገብሽ ተሻለሽ? የሻርጃ ሙቀት በረድ አለላችሁ? ባልሽ ገመቺስ አዲሱ ሥራ ተስማማው? ጂጂስ ትምህርት ቤቱን ለመደች ወይስ አሁንም በሩ ላይ ታለቅሳለች? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። እኔ ደኅና ነኝ ስል የሚያመኝ ነገር የለም ማለቴ ነው፤ ከዚያ በላይ አትመርምሪኝ።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስልክ በተደወለ ቁጥር አባዬ ወንበር ስበው አጠገቤ ስለሚቀመጡ ነው። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ባለሱቋ ጎረቤታችን መብሩካ ናት፤ ሐሙስ ዕቃ ልታመጣ ወደ ዱባይ ትበራለች።

እንደምታውቂው አሜሪካ ኮሌጅ ሳለሁ የቴኒስ ሻምፒዮን ሆኜ ነበር። ዋንጫው ሳሎን ቡፌው ላይ አለ፤ እማዬ ቁልፍና የመብራት ደረሰኝ ታስቀምጥበታለች፤ ስለዚህ ከጥቅም ውጭ ሆነ አይባልም። ከዚያ ወዲህ በፕሮፌሽናልነት የተጫወትኩትን አምስት ዓመት አንቺ ስልክሽ ላይ በቁጥር ስትከታተይው ኖረሻል። ቁጥሩ የማያሳይሽን ልንገርሽ። የተወዳደርኩባቸው አንታሊያም፣ ሞናስቲርም፣ ሻርም ኤል ሼክም አንድ ሆቴል ናቸው። ቁርሱ አንድ ነው፤ እንቁላል የሚጠብሰውም ሰውዬ አንድ ሳይሆን አይቀርም። በየሳምንቱ ማጣሪያ አለ። ያሸነፈች ትቆያለች፤ የተሸነፈችም የሚቀጥለውን ሳምንት ማጣሪያ እዚያው ትጠብቃለች፤ ቁርስ ላይ ማን እንዳሸነፈ አይታወቅም። ተመልካች የለም እንዳልል አትክልተኛው አለ፣ አንዲት ድመት አለች፣ አንዳንዴ ደግሞ የተጋጣሚዬ እናት።

ደረጃዬ ከዓለም ስድስት መቶ አሥራ ሁለተኛ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ኪሩ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ከፊቷ ያለው ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ብቻ አይደል? ለመታወቂያ ከዚህ የባሰ ወረፋ ጠብቀናል» አሉ። ሱሉልታ ያሉት የአክስታችን ባል ኦቦ ቦሩ ደግሞ፣ ውሏቸው ከሯጮች ጋር ስለሆነ፣ «በመጨረሻው ውድድርሽ በስንት ገባሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ግጥሚያው ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጅቶ ነበር፤ እሱኑ ነገርኳቸው። ፊታቸው በርቶ «ለሴት ይሄ ትልቅ ሰዓት ነው!» አሉ። መሸነፌን አልነገርኳቸውም፤ አልጠየቁኝማ።

ያ ግጥሚያ ሞናስቲር ላይ፣ ከአንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጋር ነበር። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቀጣዩን ጌም ስጠብቅ ዳኛዋ መጥታ ጨዋታው አልቋል አለችኝ። አላዘንኩም። ብስጭቱ ኋላ ይመጣል ብዬ ሻወር ውስጥ ቆሜ ጠበቅኩት፤ ውሃው ቀዘቀዘ፣ ብስጭቱ አልመጣም። በዚያው ሳምንት ትኬት ቆረጥኩ። ቴኒስ ማቆሜን ለአባዬ በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት ልነግራቸው ነበር አሳቤ።

አባዬ ግን ቀድመውኛል። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ግቢ ስገባ ጓሮው ቀይ ሆኗል። ሠላሳ አንድ ዓመት የቴኒስ ክለቡን ሜዳ ውሃ ሲያጠጡና ሲዳምጡ የኖሩ ሰው ጡረታ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ ብለን ማሰባችን የእኛ ሞኝነት ነው። ከየግንባታው የተሰበረ ጡብ ለቅመው፣ ቀጥቅጠው፣ በወንፊት ነፍተው፣ ሲሚንቶ በሞሉት በርሜል ዳምጠው፣ መስመሩን በኖራ አስምረው የቴኒስ ሜዳ ሠርተዋል። በየክለቡ ሜዳ ላይ እንኳ እንደሱ ልስልስ ያለ አላየሁም። እንከኑ አንድ ነው፤ ግማሽ ነው። መረቡ ሊዘረጋ የሚገባው ቦታ ላይ የጎረቤታችን የአቶ ፍቅረሥላሴ ቆርቆሮ አጥር ቆሟል፤ ከአጥሩ ወዲያ ጌሿቸው ነው። «ያንቺ ወገን አልቋል፤ የቀረው የባላጋራሽ ወገን ነው» አሉኝ አባዬ፣ እንደ ቀላል ነገር።

የቀረው ወገን በምን እንደሚገኝ የሰማሁት ያን ዕለት ራት ላይ ነው። ሰበታ ያለችውን የአያታችንን ቦታ፣ አንቺ ቤት ልሠራባት እያልሽ የምታልሚያትን፣ ለአቶ ፍቅረሥላሴ ሰጥተው በለውጡ የጌሾውን አሥራ ስምንት እርምጃ ሊወስዱ ነው። ሽማግሌዎች ለእሑድ ተቀጥረዋል፤ ሰኞ ጾሙ ስለሚገባ ለዕለቱ የሚታረደው በግም ከዚያ ማለፍ አይችልም።

እኔ ተናግሬ ነገሩን ለማስቆም አምስት ቀን ነበረኝ። ረቡዕ ልናገር አፌን ስከፍት አባዬ «እስቲ በርሜሉን ያዥልኝ» አሉኝ፤ ያዝኩ። ሐሙስ የመስመሩን ስፋት እንድለካ ገመድ ሰጡኝ፤ ለካሁ፤ ልክ ነበር። ዓርብ ቢሻን ለማጠጣት ማለዳ እንደሚሻል አስረዱኝ፤ ይቅርታ፣ ውሃ ማለቴ ነው፣ ከሳቸው ጋር ስውል ሁለቱ ቋንቋ ይቀላቀልብኛል። ከሰዓት ደግሞ ጉዳይ አለኝ ብለው ኮታቸውን ለብሰው ወጡ፤ አንድ ቀን ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። ቅዳሜ ሰው በዛ። እንዲህ እንዲህ እያለ እሑድ ደረሰ።

ከቅዳሴ መልስ አምስት ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ወንበር አስወጥተው፣ ግማሹ ሜዳ ላይ ተቀመጡ። የወንበሩ እግር ሸክላውን ሲበሳው አባዬ ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት። በኛ ሰፈር ወግ መሬት ሲለዋወጥ፣ ነገሩ የሚደረግለት ሰው ቆሞ ይጠየቃል፤ ሣር ተይዞ የተነገረ ቃል አይታጠፍም። ኦቦ ኪሩ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ይሄ የቀረው ወገን ያስፈልግሻል ወይ?» አሉኝ።

አያስፈልገኝም አልኩ። ድምፄ ነጥብ የሚጠራ ዳኛ ድምፅ ይመስል ነበር። ለምን ሲሉኝ፣ ኳሱ ሲመጣ አየዋለሁ፣ እግሬም ይሄዳል፣ እንዲመለስ የሚፈልግ ሰው ግን ውስጤ የለም፣ ከጠፋ ዓመት አልፎታል አልኳቸው። ኦቦ ኪሩ ሃምሳ ዓመት ሲመርቁ የኖሩ ሰው ናቸውና ዝምታው ሲረዝም አፋቸው የለመደውን «ሃ ታኡ፣ ይሁን» አሉ፤ አራቱም ተከትለው «ሃ ታኡ» አሉ። ማቆሜ በዚህ ዓይነት ተመረቀ።

አባዬ የጫማቸውን ጫፍ ሲያዩ ቆይተው «መልካም» አሉ። በጉ ተበላ። አቶ ፍቅረሥላሴ ብቻ ሥጋው አልወርድ ብሏቸው ሳህናቸውን ሲያዞሩ ዋሉ። እማዬ «በቃ፣ አሁን ግቢና ተኚ» አለችኝ። ትናንት ጠዋት ስነሳ አባዬ ሜዳውን እያጠጡ ነበር፤ ልማድ ነው ብዬ አለፍኩ።

እንግዲህ የሰበታዋ ቦታሽ ተርፋልሻለች። ገመቺስ የቤቱን ፕላን ያሠራ፤ መስኮቱ ወደ ወጨጫ ተራራ ይሁን ብለሽ ነበር፣ እንዳትረሺ። ዘንድሮ ያተረፍኩት አንድ ነገር እሷ ናት። ትናንት ይህን ሳስብ ደረቴ አካባቢ አንድ ነገር ተሰማኝ፤ ደስታ መስሎኝ ነበር። ሽሮ በላሁ፣ ጠፋ። ለገጣፎ አንድ ሰው ለልጆቼ ቴኒስ አስተምሪልኝ ብሎኛል፤ ገና መልስ አልሰጠሁትም።

ገመቺስን ጥናቱን ይስጥህ በይልኝ። ጂጂን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ በር ላይ ማልቀስ ያስነውራል አላለችም በያት። አብራችሁ ለምትኖረው ለኑሃም ሰላምታዬ ይድረሳት። እማዬ ስትደውዪ ፊትሽን እንጂ ጣሪያውን አታሳዪኝ ትልሻለች። አባዬ ደግሞ ሰላም በያት ብለው ወጡ፤ ከዚያ ተመልሰው ገብተው ደግመው ሰላም በያት አሉኝ።

እህትሽ ላሊሴ ዋቆ
ቡራዩ፣ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፖስታውን ሳላሽገው፦ የአባዬንና የአቶ ፍቅረሥላሴን የለውጥ ውል እማዬ አሁን አሳየችኝ። የተፈረመው ዓርብ፣ ኮታቸውን ለብሰው የወጡ ዕለት ነው።