ያጠፋሁት ጠባሳ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1976

እትዬ ዘነበች የልጅ ልጃቸውን ይዘው ፎቶ ቤቴ መጡ። እሑድ የልጃቸው የወይንሸት አርባ ነው። ሬዲዮ ኦፕሬተር ሆና ኦጋዴን ዘምታ በሰላም ተመልሳ፣ ወልዳ፣ በሃያ ሰባት ዓመቷ ሕመም ወሰዳት።

ለአርባዋ ያዘዙኝን ፎቶ ከመታወቂያዋ ላይ አሳድጌ፣ እንደ ልማዴ ፊልሙን በእርሳስ ነካክቼ፣ ከጦር ሜዳ ያመጣችውን የጉንጭ ጠባሳ አጥፍቼዋለሁ። ውለታ የዋልኩ መስሎኝ!

እትዬ ዘነበች አዩት፤ "ከመዝመቷ በፊት እንዲህ ነበረች ልጄ" ብለው አለቀሱ። የአራት ዓመቷ ሕፃን ግን በጣቷ የፎቶውን ጉንጭ ዳበሰች።

"እማዬ አይደለችም።"

"ዝም በይ! እናትሽ ናት" ተቆጧት።

ያኔ ትዝ አለኝ። ወይንሸት አቅፋት በራስ መኮንን ድልድይ ስታልፍ፣ ልጅቷ ያንን ጠባሳ እየዳበሰች ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት።

"ጥፋቱ የኔ ነው፤ ላስተካክለው" አልኳቸው።

"እንዳትነካው!" ብለው ነጥቀውኝ ሄዱ። አልፈርድባቸውም።

ከሰዓት በኋላ እርሳሱን ከፊልሙ ላይ ጠርጌ፣ ጠባሳው እንዳለ ሌላ ፎቶ አጠብኩ። ፎቶው ትንሽ ነው፤ በሕፃን መዳፍ ልክ፣ ለልጅቷ። እትዬ ዘነበች ቢቀየሙኝም ይቀየሙኝ።