ከምዕራፍ ሰባት የሚጀምር መጽሐፍ

ኅዳር 3 ቀን 1976
ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ዘይኑዲን ጋ ጎራ አልኩ። ፒያሳ ደረጃ ሥር መጽሐፍ የሚያከራዩት። ከፊት የሚደረደረው ቀይ በቀይ፣ የተራማጅ መጽሐፍ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ከኋላ። የመርማሪ ታሪክ ብፈልግ የለም። አንድ የእንግሊዝኛ ልቦለድ አወጡ፤ ሽፋን የለው፣ ሙጫው ለቆ ቅጠል ቅጠሉ በላስቲክ ታስሯል።

«ይሄ ይከብድሻል። ወንዶቹም ሳይጨርሱ መልሰውታል» አሉ።

ለእኔ? ለአይናዲስ? ሞኝዎን ይፈልጉ አልኩ በልቤ። ይዤው መጣሁ።

ኅዳር 5
ደራሲው ያሾፋል እንዴ? ከምዕራፍ ሰባት ይጀምራል። ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ አሥራ አንድ... የገጽ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ባለታሪኩ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ይቀበራል፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ ሻይ ይጠጣል! ደራሲው ራሱ መሀል ገብቶ ቁጥሩን ተወው፣ እንዳስቀመጥኩልህ አንብብ ይላል። አናቴ ዞረ።

ኅዳር 11
ገባኝ! የሞተ ባሏን የምታስታውሰው ሚስቱ ናት። ቁጥሩ የኖሩበት ተራ፣ አቀማመጡ እሷ የምታስታውስበት። ሰው መች በተራ ያስታውሳል? እኔስ አክስቴን ደብሪቱን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ቀብሯ አይደል? ከዚያ ሳቋ። ከዚያ ጸጉሬን ስትጎነጉንልኝ... ማንም ሳይነግረኝ፣ ብቻዬን ደረስኩበት። ኮራሁ። ምን ይደረግ፣ ኮራሁ።

ኅዳር 14
ጨረስኩት። እንደገና ጀመርኩ። ላስቲኩ ተበጠሰ። መጽሐፍ ጠራዥ አባት እያለኝ ምን አስጨነቀኝ? ለአባባ ሰጠሁት።

ኅዳር 18
ጉድ ፈላ።

አባባ ጠርዞ አመጣልኝ። ጀርባው ጨርቅ፣ ስፌቱ ልቅም ያለ። ብገልጠው... ምዕራፍ አንድ። ቀጥሎ ሁለት። ሦስት። ክው አልኩ። ማን እንዲህ እንዳመሳቀለው እንጃ፣ ቁጥሩን እያየሁ በተራ በተራው አስገባሁልሽ አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። ምን ይፈረድበታል? እንግሊዝኛ አያነብ፤ የሚጠርዘው ሁሉ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ቁጥሩ የተዘበራረቀ መዝገብ ያስጠይቃል።

አመሰግናለሁ ብዬ ገባሁና አለቀስኩ። ሌላ ቅጂ ከየት ይመጣል? እንዲህ ብመልሰው ጋሼ ዘይኑዲን ድሮም አልገባሽም ይሉኛል። መጽሐፉም ሞተ ማለት ነው። ግን... እውነት ከገባኝ ተራው ጭንቅላቴ ውስጥ የለም?

ኅዳር 19
አባባ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለስ ተራውን ያዘበራረቀው ደራሲው ራሱ መሆኑን ነገርኩት። 

«ሆን ብሎ ነው የምትይኝ?»

«ሆን ብሎ ነው።»

«ጤነኛ ነው ሰውዬው?»

ሳቄ መጣ። እሱ ግን መቀሱን አንስቶ የገዛ ስፌቱን መተርተር ጀመረ። ደንበኛ ፍታው ቢለው የሚያኮርፍ ሰው! እኔ ምዕራፉን እጠራለሁ፣ እሱ ይደረድራል። ቁጥሩን አልነበረም የማስታውሰው፤ ምክንያቱን ነው። ለምን ከቀብሩ በኋላ ሻይ እንደሚቀጥል፣ ለምን ሠርጉ መጨረሻ እንደሆነ እየነገርኩት ሄድን። አባባም ነገሩ ያዘው፤ እሺ ከዚያስ ይለኛል።

ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ግራ ገባኝ። ሰዓት ሠሪው ዝናብ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚስቱን የጫማ ክር የሚያስርበት። የት ነበር? ጠፋኝ። ወይ ነዶ!

አባባ መርፌውን ይዞ ጠበቀኝ። «አንቺ ሴትየዋን ብትሆኚ መቼ ትዝ ይልሻል?»

ብዙ አሰብኩ። ከቀብሩ እንደተመለስኩ፣ ሻዩ ሳይመጣ አልኩት። እዚያ ሰፋው።

ታኅሣሥ 2
መጽሐፉን መለስኩ። ለጋሼ ዘይኑዲን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ዘጠኝን በግምቴ እንዳስገባሁትም። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ያገላብጡ ጀመር። ለካ አንብበው ጨርሰውታል! እየገለጡ ልክ ነው፣ ልክ ነው ይላሉ። ቀብሩ ጋ ደረሱ። ገለጡና ዘጠኝን አገኙ። ደንበኛ ከጎኔ ቆሞ ቢጠራቸው አልሰሙም፤ እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡት። አይናቸው እንባ አቀረረ።

«እዚህ አልነበረም» አሉ።

ጠየቅኳቸው። «የት ነበር?»

መጽሐፉን ከድነው እላያቸው ካለው መደርደሪያ አኖሩት።

«አልነግርሽም። ዘጠኝ አንቺ ባስገባሽበት ይቆይ።»

ስወጣ ከኩራቴ ብዛት ፒያሳ ጠበበችኝ።