መልሼ ያላላሁት ብሎን

ብሎን ማጥበቅ የምትረሳው ወዳጄ፣ እንዴት ከረምክ?

የልጄ ባል አሮጌ የጀርመን ስፖርት መኪና የሚያድሱ ጓደኞቹ ጋራዥ ወሰደኝ። አንዲት ሴት የሟች ባሏን መኪና አምጥታ «ይንቋቋብኛል፤ እዩልኝ» አለች። አንዱ ሞተሩ ይውረድ፣ ሌላው የጭስ ማውጫው ማርሚታ በአዲስ ይቀየር ሲሉ፣ እኔ ሽማግሌው ሥሩ ተንፏቅቄ ገባሁና አንዲት የማርሚታ ብሎን አጠበቅሁ። መኪናው ጸጥ አለ! ደረቴን ነፍቼ ስወጣ ሴትዮዋ ዕንባዋን ጠረገች።

«አባባ፣ ለካ ባሌ ሲመጣ በር የምከፍትለት ይህን ድምፅ ሰምቼ ነበር።»

ማርሚታው እንዳይወድቅ በሽቦ አሰርኩና ብሎኑን መልሼ አላላሁት። ልኩን እስካገኝ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ አንተ ብትሆን በአንዴ ነበር!

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላ። ባለቤትህንና የልጅ ልጆችህን ሳምልኝ። አብረን የምንሠራበትን ጋራዥ በር ዘይት ቀባ እያልኩ የምነዘንዝህንም ተወው፤ መምጣትህን የማውቀው በጩኸቱ ነው።