የእትዬ ማዶ ወንበር፦ የመምህርቷ የሕይወት ታሪክ

መምህርታችን ከማስተማር ሥራ ስለተነሡበት ሁኔታ ሁለት ወሬ አለ። ዩኒቨርሲቲው ትናንት ያወጣው የሐዘን መግለጫ «በ2004 ዓ.ም. በገዛ ፈቃዳቸው ጡረታ ወጥተው በክብር ተሸኝተዋል» ይላል። ተማሪዎቻቸው ደግሞ «ተባረሩ እንጂ አልወጡም፤ ወንበራቸው ሳይቀር ኮሪደር ላይ ተወረወረ» ይላሉ። ይህን ታሪክ ያዘጋጀው የልጅ ልጃቸው ሁለቱንም ወገን ጠይቋል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም ግን ጨርሰው አልተናገሩም። ነገሩ በቦታው ይነገራል፤ አሁን ከመጀመሪያው እንነሣ።

ወዳጅ ዘመድ «እትዬ ማዶ» እያለ የሚጠራቸው መምህርት፣ ከጉምሩክ ፈታሽ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. በአንዲት የድንበር ከተማ ተወለዱ። ከተማዋን ከጎረቤት አገር የሚለያት አንድ ድልድይ ነበር። አባታቸው ድልድዩ ላይ ቆመው የማዶ ሰዎችን ሻንጣ ሲያስከፍቱ ይውላሉ፤ የእነዚያው ሰዎች ሚስቶች ደግሞ ቀሚስ ሊለኩ እናታቸው ቤት ይመጣሉ። እርሳቸውም በልጅነታቸው ከስፌት መኪናው ሥር ቁጭ ብለው ቁርጥራጭ ጨርቅ ሲለቅሙ፣ የማዶን ቋንቋ ከነሐሜቱ፣ ከነስድቡና ከነሳቁ ቀሰሙ። አባታቸው «እኔ ሻንጣ እፈትሻለሁ፤ ይቺ ልጅ ሆድ ትፈትሻለች» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው ከተማ አጠናቀው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1966 ዓ.ም. በታሪክ ትምህርት ተመረቁ። በቀጣዩ ዓመት በድንበሩ ላይ ውጥረት ሲነግሥ፣ መንግሥት «ለአገር ስልታዊ ጠቀሜታ ያላቸው የውጭ ቋንቋዎች ሥልጠና ፕሮግራም» የሚባል በዩኒቨርሲቲው ከፈተ። እርሳቸው «ስሙን ጠርቼ እስክጨርስ የመውጫው ደወል ይደወላል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። የማዶን ቋንቋ የሚያስተምር ሲፈለግ ግን ከእርሳቸው የተሻለ አልተገኘም።

ፊታቸው የተቀመጡት መኮንኖች፣ የሬዲዮ አድማጮችና ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ነበሩ። ሁሉም የጠላትን ምስጢር ለመስማት ነበር ጆሯቸውን አቁመው የመጡት። እትዬ ማዶ በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩት ግን ሐዘንተኛ ማጽናናት ነበር፦ ሰው ለሞተበት ምን እንደሚባል፣ እጁ እንዴት እንደሚያዝ፣ መቼ ዝም እንደሚባል። ይህን ሳይችል ወደ ሁለተኛው ትምህርት ያለፈ ተማሪ የለም።

ከሚኒስቴሩ የመጡ ተቆጣጣሪ ከኋላ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «የኔ እመቤት፣ ‹ቁም! እጅ ወደ ላይ!› የሚለውን መቼ ነው የሚማሩት?» ብለው ጠየቁ።

«እሱንማ ጠመንጃው ራሱ ይናገረዋል፤ አስተርጓሚ አይፈልግም። ልጁ የሞተበትን ሰው የሚያናግርልዎ ጠመንጃ ግን የለም» አሏቸው። ተማሪው አውካካ። ተቆጣጣሪው አልሳቁም፤ ትምህርቱን ግን አላስቀሩም።

በ1969 ዓ.ም. ከመንገድ ቀያሹ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ዝምተኛ፣ ጫማቸው ከአቧራ የማይለይ ሰው ነበሩ። ቤት ውስጥ እናትና ልጅ በማዶ ቋንቋ ሲያወሩ፣ «አሙኝ፣ አሙኝ፤ አንድ ቀን ተምሬ እሰማችኋለሁ» ይሉ ነበር። ያን ቀን አላዩትም። በ1979 ዓ.ም. ውጊያ ተከፈተና፣ መንገድ ሲቀይሱ ከማዶ የተተኮሰ መድፍ ገደላቸው።

ለቅሶ የመጣው ዘመድ ሁሉ «ከእንግዲህ በዚያ ቋንቋ አፏን ብትከፍት እኔ የለሁበትም» ይል ጀመር። ልጃቸው ያኔ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት የማዶ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። እናታቸው በማዶ ቋንቋ ሲያናግሯቸው ልጅ በወዲህኛው ቋንቋ ይመልሱ ነበር። እትዬ ማዶ አንድም ቀን አላስገደዷቸውም።

እርሳቸው ግን ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ክፍል ገቡ። ተማሪው አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ «ወፍራሙ አስር አለቃ» የሚባለው ተነሣ፤ ከክፍሉ ሁሉ ደካማው ተማሪ እርሱ ነበር። ላቡ እየወረደ ወደ ፊት ሄደ፣ እጃቸውን ያዘ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት በማዶ ቋንቋ እየተንተባተበ ተናገረ። እትዬ ማዶ መጀመሪያ አረሙት፤ ከዚያ አለቀሱ። «ባሌን ወሰዱ፤ ቋንቋውን ግን ምርቃት ብዬ አልጨምርላቸውም። በእናቴ ቤት የተማርኩት ነው፤ የኔም ነው» ያሉት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ የፕሮግራሙ ነገር እንደ ድንበሩ ሆነ። ድንበሩ ሲሞቅ ወንበር ይጨመራል፤ ሲበርድ የተቃጠለ አምፖል እንኳ አይቀየርም። እርሳቸው በሙቀቱም በብርዱም ያው ነበሩ።

በ2004 ዓ.ም. ድንበሩ ዳግም ሞቀ። የቀድሞ ተማሪያቸው የነበሩት ዲን ከበላይ የመጣውን ትእዛዝ ነገሯቸው፦ የሦስት ዓመቱ ትምህርት በሦስት ወር ያልቃል፤ ምርኮኛ መጠየቂያው ብቻ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ትምህርት ይቀራል።

«እኔ በቀቀን አላሠለጥንም» አሉ።

«እንግዲያው ጡረታዎ ደርሷል» ተባሉ።

«ደርሷል፤ እወጣለሁ» ብለው ወጡ። ሲወጡ ግን ወንበራቸውን ይዘው ነው። ማንም አልወረወረውም፤ በገዛ እጃቸው አውጥተው ከክፍሉ በር ፊት ለፊት፣ ከኮሪደሩ መስኮት ሥር አኖሩት። በማግሥቱ ጠዋት መጥተው ተቀመጡበት። ጥበቃው «እትዬ፣ ጡረታ ወጥተው የለም እንዴ?» ቢላቸው፣ «ከክፍሉ ነው የወጣሁት፤ ከኮሪደሩ ያስወጣኝ የለም» አሉት። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ «ቁም! ተናገር!» ሲጮህ፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው ማጽናናት ይሰጥ ነበር። የውስጦቹም ዕረፍት ሲሆን ወጥተው ወለሉ ላይ ይቀመጡ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ዲኑ «እምቢ ብል ኖሮ ክፍሉ ጭራሽ ይዘጋ ነበር» የሚሉት ሐሰት አይደለም። ጥበቃ ልከው አላስነሷቸውም፤ ክረምት ሲገባ የተሰበረውን የኮሪደር መስኮት መስተዋት ያስገጠሙትም እርሳቸው ናቸው። እትዬ ማዶ ይህን ያውቁ ነበር። ዲኑን ሰላም የሚሉት ግን እስከ መጨረሻው በማዶ ቋንቋ ብቻ ነበር፤ እንዳይረሱት።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የልብ ሕመም አደከማቸው። በዚያው ሰሞን ዩኒቨርሲቲው «አሁን ስልኩ ይተረጉማል» ብሎ ክፍሉን ዘጋ፤ የቀረው ኮሪደሩ ብቻ ሆነ። ሆስፒታል ሊጠይቋቸው የሚመጡትን ተማሪዎች «ወንበሩስ?» ይሏቸው ነበር። «አለ» ሲባሉ፣ «ባዶውን?» ብለው ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ያዞራሉ። አዋላጅ ነርስ የሆኑት ልጃቸው ትራሱን ያስተካክሉላቸው ነበር።

እትዬ ማዶ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ። አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ እንዲሁም ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ የተበተኑ ብዙ ተማሪዎች ትተዋል። ሐዘን ለሐዘንተኛው በገዛ ቋንቋው እንዲነገረው ዕድሜያቸውን ሰጥተዋልና፣ አምላክ ነፍሳቸውን በምትወደው ቋንቋ ጠርቶ ይቀበላት።

ትናንት ዲኑ ለቅሶ ቤት መጥተው ነበር። ወንበሩ ተነሥቶ ለመታሰቢያ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንደሚቀመጥ በአክብሮት ገለጹ። አንዳንዱ አመሰገነ። የኮሪደሩ ተማሪዎች ግን ተነሥተው ተራ በተራ ወደ ልጃቸው ቀረቡ፤ እጃቸውን እየያዙ የመጀመሪያውን ትምህርት በማዶ ቋንቋ ተናገሩ። ከመካከላቸው አንዷ ስትሳሳት ልጃቸው ቀና አሉ። መጀመሪያ አረሟት፤ ከዚያ ከሕፃንነታቸው ወዲህ ባልተናገሩት በዚያው ቋንቋ አጸፋውን መለሱላት። እንባቸውን ጠርገው ወደ ዲኑ ዞሩና፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«ወንበሩን እንዳታስነሡት። እኔ ሥራዬ የሌሊት ተራ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ነፃ ነኝ። ሰኞ እቀመጥበታለሁ።»