መሪ አይበየድም

የሺዬ፣ የቤቴ ጌጥ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት አልፎ መስቀልም ገብቶ ወጣ። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ ልጃችን አልማዝ ትጽፋለች። «ቀስ ይበሉ እንጂ አባባ» ትለኛለች። እንዴት አድርጌ ቀስ ልበል? ሄለንን ዳርናት! ያቺን ያሳደግሻትን የልጅ ልጅሽን ዳርናት! በምን እንደወጣች ስትሰሚ ከተኛሽበት ብድግ ትያለሽ። በድንቢጥ፣ በዚያች በአሮጊቷ መኪናችን!

መጀመሪያ ቤቱን ልንገርሽ። የአጥሩን ቆርቆሮ ቀየርነው። አቮካዶሽ ዘንድሮ ከመሸከሟ ብዛት ቅርንጫፏ ሊገነጠል ደርሶ ነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ በላ። መንገዳችን ድንጋይ ተነጥፎለት ባጃጁ ከታቦር ተራራ ቁልቁል እንደ ውሃ ይወርዳል። ድንቢጥ ግን አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከአቮካዶው ሥር ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ያንቺን ወንበር ባዶ አድርጌ መንዳት አልሆነልኝም። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ታዲያ ሄለን ስትታጭ ያንቺን ቃል አነሳችብኝ። ሕፃን ሆና ጭንሽ ላይ ተቀምጣ፣ ከፊትሽ ያለችውን ያቺን እጀታ አብራሽ ጨብጣ፣ «በሠርግሽ ቀን ድንቢጥ ናት የምትወስድሽ» ብለሻት አልነበር? ልጅቷ አልረሳችም። የሙሽራው ወገኖች ረጅም ነጭ መኪና ተከራዩ። እሷ «አያቴ ያለችኝ ሌላ ነው፣ አልገባም» አለች። አንቺ ቃል ገብተሽ ሄድሽ፣ ዕዳው እኔ ላይ ወደቀ።

ሸራውን ገለጥኩ። ሞተሯ እንዳንቺው ሲቀሰቅሷት ትንሽ አጉረመረመችና ተነሳች። መሪዋን ስይዘው ግን ልቤ ወረደ። እኔ አዞራለሁ፣ ጎማው ቆይቶ ነው የሚሰማኝ። የመሪው ዘንግ ከነማቀፊያው እንደሚነቃነቅ ጥርስ ይወዛወዛል። የከተማችንን ሠርግ ደግሞ ታውቂያለሽ። አጀቡ ሐይቅ ዳር ወርዶ አደባባዩን በክላክስ እየደጋገመ ካልዞረ ሠርግ ተሠርጓል አይባልም። ያ ሁሉ መዞር መሪ ላይ ነው። እዚያ ሕዝብ መሃል እምቢ ብትለኝስ? ያንቺ ቃል ይፈጸም ብዬ ልጅሽን ላስፈጅ?

ዳንጊሶን ጠራሁት። ያ ከታች ብየዳ ቤት ያለው ወዳጄ፣ በርሽን የሠራልሽ። ከሥር ገብቶ አየና ሳቀ። ዘንጉን ከታች ከመሪው ሳጥን ጋር የምታገናኘው ክብ ላስቲክ ተተልትላለች፣ ከላይ ዘንጉን የምታቅፈው ቀለበትም ተበልታለች። «ላስቲኩን ጣለውና ብረቱን ከብረት ጋር ልበይደው፣ የሄለንን ልጆች ይድራል» አለኝ። ስንቱ የከተማችን መኪና እንዲህ ተበይዶ ይሄዳል! እኔ ግን አልኩት፣ «መሪ አይበየድም። በር ይበየዳል፣ አልጋ ይበየዳል፣ ያንተም አፍ ቢበየድ ደግ ነበር። ብረቱ በእሳት ከተበላሸ ቀን ጠብቆ ቀጭ ይላል፣ ሲሰበርም አያስጠነቅቅህም።» ተቆጥቶ ወጣ። «አንተ ሽማግሌ፣ ሙሽራዋን በእግሯ ትወስዳታለህ!» እያለ እስከ በር ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ላስቲኳ ሀዋሳ ውስጥ ተፈልጋ ታጣች። የእህትሽ ልጅ አዲስ አበባ ፈልጎ በአውቶቡስ ላካት። እስክትመጣ አልማዝ «አባባ፣ ለረጅሟ መኪና እሺ እንበል» እያለች አለቀሰች። ይሄን አልጽፍም ትላለች፣ ጻፊ ብያታለሁ። ሠርጉ እሑድ፣ ላስቲኳ የገባችው ዓርብ ጠዋት! ዳንጊሶም ኩርፊያውን ትቶ ከላስቲኳ እኩል ከበር ገባ። የቀለበቷን ልክ ወስዶ ቶርኖ ቤት አዲስ አስቀርጾ መጣ። እንግዲህ ወዳጅ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ።

አሁን እንዴት እንደሠራኋት ስሚ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጌ የኋላዎቹን በድንጋይ ያዝኳቸው። የባትሪዋን ሽቦ ፈታሁ። በክሪክ አነሳኋትና ልገባ ስል ድምፅሽ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። «አንተ ሰውዬ፣ ክሪክ አምነህ ከሥር ትገባለህ?» መደገፊያውን ግንድ ከማገዶው ውስጥ መርጠሽ፣ ራስሽ ተሸክመሽ መጥተሽ፣ እስካስገባው ድረስ ወገብሽን ይዘሽ ትቆሚ ነበር። ግንዱን ራሴ ተሸከምኩ፣ በሁለቱም በኩል አስገባሁ። መሪው ከዘንጉ ላይ የነበረበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አደረግኩ፣ ተጣሞ እንዳይመለስ። ዳንጊሶ መዶሻ ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። ዘንግ በመዶሻ አይመታም፣ ዘይት ይጠጣና ይጠበቃል። ላስቲኳንና ቀለበቷን ከየቦታቸው አስገብቼ የብሎኖቹን አሮጌ ዳዶዎች ጣልኩ፣ በአዲስ አሰርኩ። ከዚያ የፊት ጎማዎቿ አየር ላይ እንዳሉ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ቀኝ፣ እስከ ጥግ ወደ ግራ። የሚነካ የለ፣ የሚይዝ የለ! ቅዳሜ ማለዳ ሰው ሳይበዛ ቁልቁል ወርጄ ተመለስኩ፣ ዳዶዎቹን እንደገና አጠበቅኩ። የሺዬ፣ ጣቴን ሳነቃንቅ ጎማው ይሰማኛል! ከተገዛች ጀምሮ እንዲህ ተቃንታ አታውቅም።

እሑድ ሄለን ባንቺ ወንበር ተቀመጠች፣ ሙሽራው ከኋላዋ። ዓይነ ርግቧን ጥላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ያንቺን እጀታ ጨበጠች። ያ እጅሽ ያነጣው ቦታ ለእሷም ልክ ነው። ከታቦር ወረድን፣ ረጅሟ ነጭ መኪና ባዶዋን ከኋላችን! አደባባዩ ጋ ስንደርስ መሪውን አዞርኩ፣ ድንቢጥ እንደ ታዘዘች ሄደች። ያኔ አጀቡ ሁሉ ክላክሱን ለቀቀው። እኔም ተጫንኩ። ጭጭ። ደግሜ ተጫንኩ። ጭጭ! ምልክቱን፣ ግንዱን፣ ዳዶውን ሁሉ አስቤ የክላክሷን ሽቦ ሳላስር መሪውን ገጥሜዋለሁ። ዳንጊሶ ከኋላ መኪና በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ሰዎች፣ ድንቢጥን ድዳ አድርጎ አመጣት!» ይላል። ሐይቅ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

ይሄኔ ሄለን ዓይነ ርግቧን ገለበጠች። ሙሽራ ናት፣ አንገቷን ደፍታ መቀመጥ ነበረባት። በመስኮት ብቅ ብላ እልል አለች። የሺዬ፣ ያንቺ እልልታ ነው! ያ መጨረሻው ላይ ተቆርጦ እንደገና የሚነሳው። ከየት ተማረችው? ክላክሱ ሁሉ ዝም አለ፣ አደባባዩን በእሷ ድምፅ ዞርን። ዓይኔ ውሃ ሞላ፣ መሪውን ግን አልለቀቅኩም። አልማዝ ወረቀቱን እያራሰችው ነው፣ ተይ ብያታለሁ።

ሰኞ ሽቦውን አስሬያለሁ፣ ክላክስ የሌላት መኪና መንገድ አትወጣም። ከእንግዲህ ድንቢጥ ሸራ አትለብስም። ዓይኔ እስካየ ድረስ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሐይቅ ዳር አወርዳታለሁ፣ ወንበርሽን ጠርጌ፣ እጀታሽን ወልውዬ። አደባባዩን ስዞር ግን መስኮቴን ከፍቼ አዳምጣለሁ እንጂ ክላክስ አልነካም። እዚያ ያንቺ ድምፅ ነው ያለው።

ያንቺው ሰውዬ