ጉዳዩ፦ ሉርቪኝ ፓሪስ አለመሆኗን ስለማረጋገጥ

ለክቡር የሉርቪኝ ከተማ ከንቲባ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ከተማዎን ከፓሪስ ለሚለየው የወሰን ምልክት ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ባምላክ ታፈሰ እባላለሁ፤ ካምፓላ፣ ካንሳንጋ ሠፈር ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ባለቤቴ ሰገነት ነፍሰ ጡር ሆና ከዚህ ተነሥታ ወደ ከተማዎ መጥታ እዚያው ወለደች። ልጃችን ሄቨን አሁን የእናቷን ስልክ ይዛ መሮጥ ጀምራለች፤ እኔ ግን እስካሁን አላቀፍኳትም። ሰገነት እኔን ለማስመጣት ስታመለክት፣ ቤቷን አይቶ አስተያየት የሚሰጠው ቢሮዎ ነበርና ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከማመልከቻዋ ጋር በተያያዘው ደብዳቤዬ ላይ እኔ «ባለቤቴ ፓሪስ ትኖራለች» ብዬ ስለጻፍኩ፣ ቤቷን ሊያዩ የሄዱት ሹምዎ ሰገነት ፓሪስ ውስጥ ሌላ ቤት ደብቃለች ብለው ለደረሱበት ድንቅ ግኝት አመሰግናለሁ። እኛ ሐበሾች ፓሪስ አጠገብ ያለውን ሁሉ ፓሪስ እንላለን። ካንሳንጋ ውስጥ ዘመዱ ፓሪስ ያለ ሰው ሞልቷል፤ ዘመዱ ከፓሪስ ቀጥላ ባለች ከተማ የሚኖር ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ መስኮቷን ከፍታ፣ የመንገዱ ማዶ ፓሪስ መሆኑን በጣቷ እያሳየች ነገሩን ልታስረዳ ስትሞክር፣ ሹምዎ «እመቤቴ፣ ሉርቪኝ ፓሪስ አይደለችም» ብለው አቋርጠዋታል። ዳቦዋን ፓሪስ ገዝታ ሉርቪኝ የምትበላ ሴት ይህን ሳታውቅ መኖሯ ያሳዝናል። ማመልከቻው በዚሁ ምክንያት ውድቅ ሆነ፤ ለሄቨን ምን ብላ እንደምትነግራት ግን ሹምዎ አልነገሯትም።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን የምሥራች ነው። አልደብቅዎትም፣ በጣም ተናድጃለሁ። ንዴቴን ግን ለልማት አውዬዋለሁ። የምግብ ቤቴን ስም ቀይሬ «ፓሪስ» ብዬዋለሁ፤ ከጓሮ፣ አጥሩን ተጠግቶ በቆመው መጸዳጃ ቤት በር ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል «ሉርቪኝ» የሚል ሰሌዳ ሰቅያለሁ። ከቡጎሎቢ ሠፈር ለምሳ የሚመጡት የቢሮ ሠራተኞችም ሆኑ ደጃፌ ላይ የሚቆሙት የቦዳ ሞተር ብስክሌት ታክሲ ነጂዎች ስሙን ለምደውታል። አሁን ሆዱን የቆረጠው ሁሉ ሉርቪኝ ደርሼ ልምጣ ብሎ ይነሣል። ከተማዎ በዚህ ፍጥነት ስሟ ይገናል ብዬ እኔም አልጠበቅኩም።

ወሰንዎን ሳልነካ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ በአክብሮት እሰናበታለሁ፤

ባምላክ ታፈሰ
የፓሪስ ባለቤት፣ የሉርቪኝም የበላይ ጠባቂ
ካንሳንጋ፣ ካምፓላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሄቨንን ባቀፍኩ ማግሥት፣ ሰሌዳውን እንዲያወርዱት ወደ ካንሳንጋ እደውላለሁ። እስከዚያው ካምፓላ ብቅ ካሉ ይጎብኙን፤ የሉርቪኝ ቁልፍ ባንኮኒው አጠገብ ተሰቅሏል። ወሰኑ ይጠፋብኛል ብለው አይስጉ፤ ፓሪስ የት ላይ እንደሚያበቃ ጠረኑ ይነግርዎታል።