የዳግም አረቄ ባለሙያዋ የወይዘሮ ዲንቄ መርዳሳ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው ወይዘሮ ዲንቄ መርዳሳ፣ ከአባታቸው ከአቶ መርዳሳ ኢዶሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቡዜ ሆራ በ1873 ዓ.ም. ከሞጆ ወዲያ በሉሜ ተወለዱ። ክርስትና ስማቸው ወለተ ማርያም ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ በዚያ ዘመን የሴት ልጅ ትምህርት ቤቷ ጓዳ ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤት ግን እንደ እርሳቸው በማዕረግ የወጣ አናውቅም።

በ1890 ዓ.ም. የቡልጋውን ተወላጅ አቶ ሐዲስ ኃይለየሱስን በሕግ አገቡ። አማትና ምራት አይስማሙም ይባላል፤ የአቶ ሐዲስ እናት ወይዘሮ መሰለች ግን ምራታቸውን እንደ ልጅ ይዘው የአረቄን ሙያ ከሥር ከመሠረቱ አስተማሯቸው። ባቡር አዳማ ሲደርስ አቶ ሐዲስ በሐዲድ ሥራ ተቀጥረው ከጣቢያው አጠገብ ጎጆ ቀለሱ። ወይዘሮ ዲንቄም ጋናቸውን እዚያው ተከሉ። ብዙ ዘመን ልጅ አጥተው ሲለምኑ ኖረው፣ በ1904 ዓ.ም. አንዲት ልጃቸውን ጥሩነሽን አገኙ።

አረቄ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው የእርሳቸውን አልቀመሰም። የስንዴው ለስላሳ፣ የበቆሎው ጣፈጥ ያለ፣ የዳጉሳው ደግሞ ሞገደኛ ነበር። ከጠጅ የሚያወጡት የማር አረቄ ለታላላቅ እንግዶች ይቀመጣል፤ እንስላል የገባበትን የጣቢያው ፈረንጆች ሳይቀሩ ከአገራቸው መጠጥ አስበልጠው ይጠይቁት ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ስማቸው የተጠራው በዳግሙ ነው። ተራውን አረቄ መልሶ እሳት ላይ ጥዶ፣ ሁለተኛ እንዲወጣ ማድረግ ትዕግሥት ይጠይቃል። እሳቱ ከበዛ ያራል፣ ካነሰ ውኃ ውኃ ይላል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ለሰው አይሰጡም ነበር፤ ይደፉታል።

በጥር ወር 1921 ዓ.ም. ጥሩነሽን ለመልካሳው ገበሬ ለአቶ ፈዬራ ልጅ ለኢተፋ ሲድሩ የሆነውን እዚህ ያለን ሁሉ እናስታውሳለን። የሁለቱ ቤት ሽማግሌዎች ዝምድናቸውን የሚያጸኑት ከሙሽራይቱ እናት እጅ ዳግም አረቄ ሲቀበሉ ነው። አቶ ሐዲስ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ያጽናቸውና፣ የባቡር ሰው መሆናቸው አላስቀምጥ አላቸው። «ሸምበቆ ያለፈበት ነው፤ ዘመኑ የብረት ነው» ብለው፣ ከአሮጌ የባቡር ዕቃ ላይ የተነቀለ ቱቦ አምጥተው ሚስታቸው ሳያዩ፣ እንፋሎቱ በሚያልፍበት በሸምበቆው ቦታ ገጥመው በጭቃ ሸፈኑት። ለሠርጉ የታሰበው ዳግም በሙሉ በዚያ ቱቦ አለፈ። ወይዘሮ ዲንቄ በሠርጉ ዕለት ማለዳ ቀምሰው፣ ብረት ብረት ቢላቸው ተፉት። «ይኼ የባቡር ነው እንጂ የእኔ አይደለም» አሉና እንስራውን ሁሉ ደጅ አውጥተው ደፉት።

አማቾች መጥተው ዳስ ሲገቡ ከጠላ በቀር የሚቀዳ አልነበረም። አቶ ፈዬራ ተቆጥተው ተነሡ። «ልጃችንን ንቀው ነው! ተነሡ፣ እንሂድ» ሲሉ ሙሽራይቱ አለቀሰች። ወይዘሮ ዲንቄ ግን በሩ ላይ ቆሙ። «አባቴ፣ የደፋሁት እኔ ራሴ የማልጠጣውን ነው። ለልጄ አማቾች መርዝ ቀድቼ ከምመሰገን፣ ንፉግ ተብዬ ብሰደብ ይሻለኛል። ኣካ ዋቃ፣ ስለ ፈጣሪ ብላችሁ፣ ይህቺን ቀን ስጡኝ፤ ዓይናችሁ እያየ አወጣለሁ» አሏቸው።

አቶ ፈዬራ እየከበዳቸው ተቀመጡ። ወይዘሮ ዲንቄ በሠርግ ልብሳቸው ላይ ሽርጥ አሰሩ። የጌሾውና የብቅሉ ድፍድፍ በአንድ ጋን ተርፎ ነበርና በማሰሮ ጣዱት፤ አዲስ ሸምበቆ ገጥመው መጋጠሚያውን በአመድና በጭቃ ለሰኑት። መቀበያውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ውኃው ለብ ባለ ቁጥር ያስቀይሩ ነበር። ተራው ከቀትር በኋላ ወጣ። መልሰው ጣዱት። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ኩርፊያቸውን ይዘው፣ ኋላም ወንበራቸውን እያስጠጉ ያዩ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዳግሙ ተንጠባጠበ፤ ከእርሱም ጥቂት እሳቱ ላይ ቢረጩት ቦግ አለ። አቶ ፈዬራ ተቀብለው ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ከዚያም ሙሽሮቹን አስጠርተው መረቁ። እኛ ቤተሰቦቻቸው በዚያ ቀን የኮራነውን ያህል ኮርተን አናውቅም።

ከዚያ በኋላ ከሞጆም ከመልካሳም ሙያውን ሊማሩ የመጡ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ማንንም አልመለሱም። አቶ ሐዲስም ብረታቸውን ለሐዲዱ ትተዋል።

ወይዘሮ ዲንቄ ከ1924 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በሳል ታመው፣ በጸበልና በሐኪም ሲረዱ ቆይተው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1925 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ሐዲስን፣ ልጃቸውን ወይዘሮ ጥሩነሽንና ከዚያ ሊፈርስ ከነበረ ሠርግ የተገኙ ሁለት የልጅ ልጆችን ትተዋል።

ዛሬ አስከሬናቸው ከቤት ሲወጣ ጎበዞች ቃሬዛውን ከአቶ ፈዬራ ትከሻ ሊቀበሉ ቢሉ፣ እርሳቸው ፊቱን አልለቅም ብለዋል። «ተቆጥቼ ልወጣ ስል የያዙኝ እርሳቸው ናቸው፤ እኔም እስከ መቃብሩ ከትከሻዬ አላወርዳቸውም» አሉ። ቃላቸውንም ጠብቀው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ እስከዚህ ድረስ ተሸክመዋቸው መጥተዋል።

ለእንግዳ ያልጠራ ቀድተው የማያውቁትን እኚህን እናት፣ ጌታ በመንግሥቱ እንደ ቤተኛ ይቀበላቸው። እኛንም ያጽናን። አሜን።